አሮጌ የብረት ቸርኬ እንዴት ይታደሳል? ቀለም የት ይቀባል፣ የትስ አይቀባም?

የጭነት መኪና የብረት ቸርኬ ሲዝግ መጀመሪያ የሚታየው መልኩ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው ዕድሳቱን ከቀለም ይጀምራል፤ ስፕሬይ ገዝቶ ዝገቱን ሸፍኖ ያልፋል። ቸርኬ ግን የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ፣ የፍሬኑን ሙቀት ችሎ፣ በጥቂት ብሎኖች ተይዞ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። በር ላይ የተበላሸ ቀለም ቢከፋ ይላጣል። ቸርኬ ላይ ያለቦታው የተቀባ ቀለም ግን ዳዶ ሊያላላ፣ ጎማውን ከነቸርኬው ከመኪናው ሊነቅል ይችላል። ሥራው በቤት የሚሠራ ነው፣ ውድም አይደለም። የሚፈልገው የትኛው ቦታ ቀለም እንደሚፈልግና የትኛው እንደማይፈልግ ለይቶ ማወቅ ነው።

ቀለሙ ለምን ይነሳል?

ብረት ውሃና ኦክስጅን ባሉበት ሁሉ ይዝጋል፤ ጨው ከተጨመረበት ይፈጥናል። ቸርኬ ላይ ጠጠር ቀለሙን ይመታል፣ ጎማ ሲወጣና ሲገባ የብረት ማንሻ ጠርዙን ይቦጭራል፣ የፍሬን ብናኝ እርጥበት ይዞ ውስጠኛው ፊት ላይ ይጋገራል። አንድ ጭረት ከተከፈተ ዝገቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ በቀለሙ ሥር ወደ ጎን እየሳበ ይሄዳል። ዝገት ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ጤነኛ የሚመስለውን ቀለም ከሥሩ እየገፋ ያነሳዋል። ዝገት ላይ የተቀባ አዲስ ቀለም በጥቂት ወራት ውስጥ የሚነፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀለሙ የያዘው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነው፣ ዝገቱ ደግሞ ራሱ ብረቱን የያዘው በላላ እጅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፊት ለፊት የሚታየው ቦታ አይደለም። ውስጠኛው፣ ወደ ፍሬኑ የዞረው ፊት፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ዙሪያና ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ናቸው ቶሎ የሚበሉት። የፊቱን ብቻ አሳምሮ የኋላውን የተወ ዕድሳት ግማሽ ሥራ ነው።

ማንኛውም ቸርኬ በቤት ይነካል?

አይነካም። ከሁሉ በፊት ቸርኬው አንድ ወጥ ነው ወይስ ቀለበት ያለው የሚለው መለየት አለበት።

አንድ ወጥ ቸርኬ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጎማው በዚያ ጎድጓዳ በኩል ተጠምዝዞ የሚወጣና የሚገባ ነው። የፒክአፕና የቀላል መኪና ቸርኬዎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል፤ ጎማው ላይ 17.5፣ 19.5 ወይም 22.5 የሚል ከተጻፈ ካላማዳሪ የሌለው አንድ ወጥ ቸርኬ ነው። 10.00-20፣ 11.00አር20 ወይም 12.00አር20 የሚል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካላማዳሪ ያለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የሚፈታ ቸርኬ ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የተቆረጠ ቀለበት ወይም የመገጣጠሚያ መስመር ከታየ ጥርጥር አያስፈልግም።

ቀለበት ያለውን ቸርኬ ጎማውን ማውጣትም ሆነ መልሶ መንፋት የቤት ሥራ አይደለም። የከባድ መኪና ጎማ ከ7 እስከ 8 ባር፣ ማለትም ከ100 እስከ 120 ፒኤስአይ አካባቢ አየር ይይዛል። ቀለበቱ በዚያ ግፊት ውስጥ ከቦታው ካመለጠ በፊቱ ያለውን ሰው ይገድላል። ከቦታው የሚያመልጠውም ብዙ ጊዜ የሚገባበት ቦይ በዝገት ስለተሞላ፣ ቀለበቱ ስለተጣመመ ወይም የሌላ ቸርኬ ቀለበት ስለተገጠመበት ነው። እንዲህ ያለው ቸርኬ የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ ሥራውን በተማረ ሰው ነው። በከፊል የተነፋን ጎማ ቀለበት በመዶሻ እየመቱ ማስተካከል ፈጽሞ አይሞከርም። ተፈታቶ የመጣለትን ክፍል ማጽዳትና መቀባት ግን ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ወፍራም ቀለም እስካልተወ ድረስ። ክፍሎቹ አሁንም አብረው ይሠራሉ ወይ የሚለውን የሚወስነው መልሶ የሚገጥመው ባለሙያ ነው።

ጎማው ሳይወጣ መቀባት አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ምን እንደሚገኝ ታውቆ። አንድ ወጥ የሆነው ቸርኬ ጤነኛ ከሆነና መልኩ ብቻ ከደበዘዘ አየሩ ተለቅቆ፣ የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ወጥቶ፣ የጎማው ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። በጎማውና በብረቱ መሀል ጠንካራ የወረቀት ካርዶች ዙሪያውን ተደራርበው ይሰካሉ። ይህ ከማንኛውም ተለጣፊ ፕላስተር የተሻለ ሽፋን ነው፤ ቀለሙም ከጎማው ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ይገባል። ካርዶቹ ወጥተው ጎማው የሚነፋው ቀለሙ ከጠነከረ በኋላ ነው። ከጎማው ሥር ያለው ዝገት ግን እንዳለ ይቀራል። ጎማው ቀስ እያለ አየር የሚያጣ ከሆነ፣ ወይም ከጎማው ጠርዝ ሥር ዝገት እየፈሰሰ ከታየ ጎማው መውጣት አለበት።

ጎማ ያለበትን ቸርኬ በእሳት መንካት የተከለከለ ነው። አሮጌ ቀለም በጋዝ እሳት ማቃጠል፣ የዛገ ዳዶ በእሳት ማጋል ወይም መበየድ አየሩ ቢለቀቅም አደጋ አለው። ጎማው ከውስጥ ሲግል የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በተዘጋው ቦታ ውስጥ ይጠራቀምና ይፈነዳል። ፍንዳታው ሙቀቱ ከቆመ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

እንዴት ይወርዳል?

መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ የማይነሱት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይደገፋሉ። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ ሳለ በሩብ ዙር ብቻ ይላላሉ፤ ከዚያ ክሪኩ ይገባል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ክብደቱን ሊችል በሚችል መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ድርብ ጎማ ላይ ከሁለቱ አንዱ የተጎዳ ከመሰለ ማንኛውም ዳዶ ከመነካቱ በፊት የሁለቱም አየር ይለቀቃል።

አንድ 22.5 በ8.25 የብረት ቸርኬ ብቻውን ወደ 35 ኪሎ ይመዝናል፣ ከጎማው ጋር ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ብቻን የሚሸከሙት አይደለም፤ ይንከባለላል እንጂ አይነሳም። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች የተገላቢጦሽ ጥርስ አላቸው፤ ዳዶው እምቢ ሲል ኃይል ከመጨመር በፊት የብሎኑ ጫፍ ላይ የኤል (የተገላቢጦሹ) ወይም የአር (የተለመደው) ፊደል መኖሩን ማየት ብሎን ከመቁረጥ ያድናል። የትኛው ቸርኬ ከየት እንደወረደ በኖራ ይጻፍበት፤ በኋላ ምርመራው ላይ ይጠቅማል።

ከቀለም በፊት ምን ይፈተሻል?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ሁለት ጊዜም ይሠራል። አንዱ ከመታጠቡ በፊት፣ ሌላው ብረቱ ባዶ ከሆነ በኋላ።

ከመታጠቡ በፊት የሚታየው የዝገት ምልክት ነው። ከብሎን ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚረጭ ቀይ ቡናማ መስመር ካለ ዳዶው ላልቶ ቸርኬው ሲንቀሳቀስ ነበር ማለት ነው። በመሀል ሳህኑ፣ ማለትም የብሎን ቀዳዳዎቹ ባሉበት ክፍል ላይ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ የዝገት ክር ከታየ ደግሞ ከሥሩ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፤ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ዝገት ይዞ ይወጣል። ይህ ምልክት ከታጠበ ስለሚጠፋ ቦታው በኖራ ይከበብ።

ብረቱ ከጸዳ በኋላ በጠንካራ መብራት፣ መብራቱን ከጎን አጋድሞ፣ አራት ቦታ ይታያል። ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚሄደው ቦታ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ጠርዝ፣ መሀል ሳህኑ ከጠርዙ ጋር የተበየደበት ዙሪያ፣ እና ጎማው የሚቀመጥበት ጥግ። ስንጥቅ ፀጉር ያክላል፣ ጥርት ያለ ጫፍ አለው፣ በጥፍር ሲሄዱበት ይይዛል። ጭረት ግን በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይጠፋል። ጥርጣሬ ካለ ለብየዳ ምርመራ የሚሸጠው ቀይ ፈሳሽ ይረጫል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጠረግና ነጩ ገላጭ ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

የብሎን ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንቁላል ቅርጽ ከያዘ፣ ስንጥቅ ከተገኘ፣ ጠርዙ ከተጣመመ፣ ወይም ዝገቱ ብረቱን በሚታይ መጠን ካሳሳው ያ ቸርኬ አይታደስም። ብየዳም አያድነውም። ብየዳው በዙሪያው ያለውን ብረት ባሕርይ ስለሚለውጥ ቸርኬው በሺህ ኪሎሜትሮች ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ቸርኬ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው በግራይንደር ተቆርጦ ይወገድ።

ለመልክ ተብሎ ጉድጓድ በስቱኮ መሙላትም ቸርኬ ላይ ቦታ የለውም። ስቱኮ ከብረቱ ጋር አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል፣ ይወድቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ነገ የሚፈጠረውን ስንጥቅ መደበቁ ነው። የዝገት ጉድጓድ ያለበት ግን ጤነኛ የሆነ ቸርኬ ጉድጓዱ እንደታየ ይቀባ።

ዝገቱ በምን ይነሳ?

በመጀመሪያ ቅባቱ ይነሳል። ይህ ቅደም ተከተል የሚጣሰው ብዙ ጊዜ ነው፤ ግራሶና ዘይት ያለበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ቅባቱን በሙሉ ገጹ ላይ መቀባት ነው። በሙቅ ውሃና ቅባት በሚቆርጥ ሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። የሚዛን እርሳሶቹም በዚሁ ጊዜ ይነቀላሉ።

ከዚያ ሦስት መንገድ አለ። በጣም የተለመደው ግራይንደር ላይ የሚታሰር የሽቦ ብሩሽ ነው። 115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ዙር ይዞራል፤ ብሩሹ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከግራይንደሩ ያነሰ ከሆነ አይገጠምም። ብሩሹ የሚጥላቸው ሽቦዎች ሥጋ ይወጋሉ፤ መነጽር ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከለያና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። የሽቦ ብሩሽ አንድ ጉድለት አለው። ዝገትን ከማንሳት ይልቅ አንዳንዴ ያወለውለዋል፤ ብረቱ ጥቁርና አብረቅራቂ ይመስላል፣ ዝገቱ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተጨፍልቆ አለ። ስለዚህ ከብሩሹ በኋላ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእጅ ወይም በማሽን ይታሻል። 80 ቁጥር ለቀለም የሚበቃ ሻካራ ገጽም ይሰጣል፤ የተወለወለ ብረት ቀለም አይዝም። በዲስክ ላይ የሚገጠመው ብርጭቆ ወረቀት ግን ብረቱን ራሱን ስለሚበላ ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝና በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ መጠቀም አይገባም። ለእነዚህ ቦታዎች የእጅ ብሩሽና 120 ወይም 180 ቁጥር ይበቃል።

አሮጌው ቀለም እርሳስ ወይም ክሮሜት ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ ብዙ አሥርት ዓመታት የቆየ ከሆነ። ደረቅ አቧራው ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ውሃ እየረጩ ማሸት፣ ፒ3 ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ፣ አቧራውን ልጆች ከሚጫወቱበት ርቆ ሰብስቦ ማስወገድ ግድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አሲድ ነው። ለቤት የሚስማማው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። የፒክአፕ ቸርኬ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ሊነከር ይችላል፤ ለትልቅ ቸርኬ ፈሳሹን የጠጣ ጨርቅ ተለብጦ በፕላስቲክ ይሸፈናል። በየጥቂት ሰዓቱ እየታየ ብዙ ቢባል ለአንድ ሌሊት ይቆያል፤ ከቆየ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል። ከወጣ በኋላ በውሃ ይታጠባል፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታበሳል፣ እንደገና ይለቀለቃል፣ ወዲያው በሙቅ አየር ይደርቃል። ወዲያው ካልደረቀ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጫ የሚመስል ስስ ዝገት ይለብሳል። ብሎንና ዳዶ አሲድ ውስጥ አይገቡም። ጠንካራ ብረት ከአሲዱ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ይመጥጣል፤ ከዚያ ሳይታሰብ የሚሰበር ይሆናል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ የሚባለው፣ ይሟሟል። ከ12 ቮልት ባትሪ መሙያ ኔጋቲቩ ከቸርኬው፣ ፖዘቲቩ ከማያስፈልግ ተራ ብረት ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ይህ ዘዴ ጤነኛ ብረት አይነካም፣ ትልቅ ጥቅሙም እሱ ነው። ሦስት ነገር ግን ይጠበቅ። ፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት አይታሰርም፣ መርዛማ ክሮሚየም ያወጣልና። ገበታ ጨው በሶዳው ምትክ አይገባም፣ ክሎሪን ጋዝ ያወጣልና። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይቀጣጠላልና፤ ሽቦው የሚነካውም መሙያው ከጠፋ በኋላ ነው።

ዝገት ቀያሪ የሚባሉት ፈሳሾች ከእነዚህ አንዱን አይተኩም። በውስጣቸው ያለው ታኒክ ወይም ፎስፈሪክ አሲድ ስሱን ዝገት ወደ ጥቁር ወይም ግራጫ ጽኑ ነገር ይለውጣል። ቦታቸው በብሩሽ ያልደረሰበት የጉድጓድ ወለል ነው። የሚረገፍ ዝገት ላይ ከተቀቡ የላይኛውን ብቻ ይለውጡና ሥሩ መብላቱን ይቀጥላል። በላያቸው የሚመጣው ፕራይመር ከእነሱ ጋር እንደሚስማማ ጣሳው ላይ ይነበብ፤ ብዙ ኢፖክሲ ፕራይመር የአሲድ ቅሪት ባለበት አይዝም።

የትኛው ፕራይመር፣ የትኛው ቀለም፣ ስንት?

ፕራይመር ማለት ብረቱን የሚይዝና ውሃውን የሚከለክል የታችኛው ንብርብር ነው። ሁሉም ፕራይመር አንድ አይደለም። ለማለስለስ የሚሠራው ወፍራሙ ዓይነት እርጥበት ያሳልፋል፣ ለቸርኬ አይሆንም። ለባዶ ብረት የሚመረጠው ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ባለ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ነው። እሱ ከሌለ ለብረት የተሠራ ፀረ ዝገት ፕራይመር ይሠራል።

ለላይኛው ቀለም ባለ አንድ ጣሳ የሲንተቲክ ብረት ቀለም በቤት ለሚሠራ ሰው በቂ ነው። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ፖሊዩሬቴን በእርግጥ የበለጠ ይበረታል፤ ማጠንከሪያው ግን አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፣ በትንፋሽ ከገባ የዕድሜ ልክ አስም ሊያመጣ ይችላል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ከሌለ አይረጭ። ታቹ ተጭኖ ማጠንከሪያው የሚለቀቅ ባለ ሁለት አካል ስፕሬይም ያው ነው፤ በትንሽ ጣሳ መምጣቱ አያሳስት።

ከቀለማት ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ቢመረጥ መልካም ነው። ዝገት የያዘ ስንጥቅና የላላ ዳዶ በነጭ ላይ ከሩቅ ይታያል፤ በጥቁር ላይ ይደበቃል።

መጠኑን በገጽ ስፋት ማስላት ይቻላል። ባለ 16 ቁጥር የፒክአፕ ቸርኬ ውስጡም ውጩም ተደምሮ 1 ካሬ ሜትር ያህላል፣ ባለ 22.5ቱ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል። 400 ሚሊሊትር የስፕሬይ ጣሳ አንድ ጊዜ ሲረጭ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ለአራት የፒክአፕ ቸርኬ ሁለት ጊዜ ፕራይመር ከ5 እስከ 6 ጣሳ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም እንዲሁ ከ5 እስከ 6 ጣሳ ይፈልጋል። የአሥራ ሁለት ጣሳ ሥራ በአራት ጣሳ ለመጨረስ የሚሞከረው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ ውሃ የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይሆናል።

ቀለም የማይቀባው የት ነው? ለምንስ?

ቸርኬን የሚይዘው ብሎኑ ሳይሆን የብሎኑ ውጥረት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ያህል ይለጠጣል፤ ያ መለጠጥ ቸርኬውን ከሞዞው፣ ማለትም ብሎኖቹ ካሉበትና ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል ጋር አጣብቆ ይይዛል፣ በሁለቱ መሀል ያለው ፍትጊያም ጉልበቱን ያስተላልፋል። አሁን በመሀላቸው ወፍራም ቀለም አለ እንበል። ቀለም ከብረት አንጻር ለስላሳ ነው፤ በግፊትና በፍሬን ሙቀት ቀስ በቀስ ይተኛል። ጭነት ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ሰው ከገመዱ ሥር ያለው ጨርቅ ሲተኛ ገመዱ እንደሚላላበት፣ ብሎኑም ውጥረቱን ያጣል። ዳዶው አልዞረም፣ ማሰሪያው ግን ላልቷል።

በድርብ ጎማ ላይ ነገሩ ይብሳል። ታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ)፣ የውስጠኛው ቸርኬ ሁለት ፊትና የውጪው ቸርኬ ፊት ተደራርበው ስለሚታሰሩ የእያንዳንዱ ቀለም ይደመራል። ለዚህም ነው በከባድ መኪና ጥገና በቸርኬው መጋጠሚያ ፊት ላይ ቀለም ከ0.08 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከ80 ማይክሮን በታች እንዲሆን የሚታዘዘው። በተግባር ይህ ማለት በመጋጠሚያው ፊት አንድ ስስ ፕራይመር ብቻ፣ የላይኛው ቀለም ምንም። ፓውደር የሚባለው በምድጃ የሚጋገር ቀለም አንዱ ንብርብር ብቻውን ከ60 እስከ 120 ማይክሮን ስለሚሆን፣ ለእሱ የሚላክ ቸርኬ እነዚህ ቦታዎች እንዲሸፈኑ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ስለዚህ የላይኛው ቀለም ከመረጨቱ በፊት የሚሸፈኑት እነዚህ ናቸው፦ ከሞዞ ወይም ከታምቡር ጋር የሚገጥመው ፊት፣ ድርብ ከሆነ ሁለቱ ቸርኬዎች የሚነካኩበት ፊት፣ ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ፣ የብሎን ቀዳዳው ውስጥ፣ መሀሉ ያለው ትልቁ ቀዳዳ፣ የቫልቭ ቀዳዳው። የመጋጠሚያው ፊት የት እንደሆነ ለማወቅ አሮጌው ቸርኬ ራሱ ይናገራል፤ ከሞዞው ጋር ሲፋተግ የኖረው ክብ ቦታ ከሌላው ይለያል። ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ደግሞ ፕራይመርና አንድ ስስ ቀለም ይበቃዋል፤ እዚያ የተንጠባጠበ ቀለም አየር ማሳለፊያ ይሆናል። ብሎኖችና ዳዶዎች አይቀቡም።

አቀባቡስ?

ባዶው ብረት በጓንት ብቻ ይነካል። በሁለት ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዱ ቲነር ነክቶ ቅባቱን ያነሳል፣ ሌላው ደረቁ ቲነሩ ሳይተን ይከተለዋል። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይወጣም። ፕራይመሩ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይረጭ።

አየሩ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ እርጥበቱም ከ85 በመቶ ቢያንስ ጥሩ ነው። ብረቱ ራሱ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ማለዳ ላይ ከቀዝቃዛ ቤት የወጣ ወፍራም ብረት አየሩ ሲሞቅ ለዓይን የማይታይ ጤዛ ይይዛል፤ በዚያ ላይ የተረጨ ቀለም ከሳምንታት በኋላ ይነሳል። ቸርኬው ከአየሩ እኩል እስኪሞቅ ይጠበቅ።

ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ስፕሬዩ ከቸርኬው ውጭ ተጀምሮ ከቸርኬው ውጭ ይቆማል። መጀመሪያ ጥጎቹ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ጠርዝና የብየዳው መስመር ይረጫሉ፤ ቀለም ከሹል ጠርዝ ስለሚሸሽ ዝገት ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ሰፊው ቦታ። ስስ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ስስ። በአንድ ጊዜ የተወፈረ ቀለም ይንጠባጠባል፣ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ቀለሙ እንደ ሽብሽብ ከተነሳ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰዓት ነው። ብዙ የሲንተቲክ ስፕሬይ ሁለተኛው ንብርብር ወይ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንዲረጭ ይፈልጋል፤ በመሀል የመጣው አዲስ ቲነር ግማሽ የደረቀውን ያሳብጠዋል። ትክክለኛው ሰዓት ጣሳው ላይ ተጽፏል። ከተሸበሸበ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በ320 ቁጥር ይታሽ፣ ይደገም።

መቼ ይታሰራል?

ሲነኩት መድረቅና መጠንከር ሁለት ነገር ናቸው። የሲንተቲክ ቀለም በሰዓታት ውስጥ እጅ አይዝም፣ ለመጠንከር ግን እስከ 7 ቀን ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ጎማ ለማስገባት የተቸኮለበት ቸርኬ የብረት ማንሻው ቀለሙን ከጠርዙ ገፎ ያወጣዋል፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ጎማው ሲገባ ቫልቩ አዲስ ይሁን፣ የሚዛን ሥራም እንደገና ይሠራ።

መልሶ ሲታሰር የሞዞው ፊትና የብሎኑ ጥርስ በብሩሽ ይጸዳሉ። ዘይት ይነካ ወይስ አይነካ የሚለው በቸርኬው ዓይነት ይወሰናል፤ ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚቀመጥና ዳዶው ጠፍጣፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጥርሱና በዳዶው ቀለበት መሀል ሁለት ሁለት ጠብታ ዘይት ይታዘዛል፣ ዳዶው ሾጣጣ ወይም ሉል ከሆነ ደረቅ ይታሰራል። ዳዶዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተዘዋወሩ፣ መጀመሪያ እንዲነኩ ብቻ፣ ከዚያ በቶርክ መፍቻ እስከ ልኩ ይጠብቃሉ። 22 ሚሊሜትር ብሎንና ጠፍጣፋ ዳዶ ላላቸው ብዙ ከባድ መኪኖች ልኩ ከ610 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ነው። ፒክአፕ ከዚህ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ልኩ ከመኪናው መጽሐፍ ይወሰድ። በረጅም ቧንቧና በእግር የሚረገጥ መፍቻ ልክ አያውቅም፤ ወይ ያላላል ወይ ብሎኑን ከሚገባው በላይ ለጥጦ ያደክመዋል።

አዲስ የተቀባ ቸርኬ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ትንሽ ይተኛል። ስለዚህ ከ80 እስከ 160 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ በቶርክ መፍቻ እንደገና ይፈተሻሉ። አንዱ እንኳ ከዞረ ከሌላ 80 ኪሎሜትር በኋላ ይደገማል። ሁለተኛም ጊዜ ከዞረ ቸርኬው ይውረድና የመጋጠሚያው ፊት ይታይ፤ ያልተነሳ ቀለም ወይም ዝገት ይገኝበታል።